የሙያ ቃላትን በየወገናቸው ስለ መመደብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ስሙን ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል። ሆኖም ከመካከላችን በፊዚክስ ትምህርት ጊዜ «ኃይል» የሚለውን ቃል ሰምቶ የትኛው ኃይል እንደ ሆነ ግራ ያልገባው ተማሪ ያለ አይመስለንምና፣ ለጥቂት ጊዜ ጆሯችሁን እንድትሰጡን እንለምናለን። ነገራችን የጥበብና የሙያ ቃላት እንዴት እንደሚሰበሰቡ፣ ከተሰበሰቡም በኋላ በምን ሥርዐት እንደሚደረደሩ ነው።

እንዲህ ያለውን በሥርዐት የተደረደረ የቃላት ስብስብ የውጭ አገር ሊቃውንት «ቴሳውረስ» ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጓሜው የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ማለት ነው። እኛም ለዚህ ስም እንግዶች አይደለንም። በግዕዝ «መዝገብ» ማለት የተከማቸ ሀብት፣ የሀብትም ማኖሪያ ማለት ነውና፣ «መዝገበ ቃላት» ባልን ቁጥር የግሪኮቹን ስም በራሳችን ልሳን እንጠራለን። ነገር ግን ግምጃ ቤት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ዕቃው እንደ መጣ የሚከመርበት አለ፤ ካባው ከካባ፣ ጋሻው ከጋሻ ጋር የሚቀመጥበትም አለ። ቴሳውረስ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

የለመድነው መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ የሚሄድ ነው። ፊደል ደግሞ የቃሉን ድምፅ እንጂ የነገሩን ባሕርይ አያውቅም። ከዚህም የተነሣ ምስር በ«መ»፣ ሽምብራ በ«ሸ»፣ ባቄላ በ«በ»፣ አተር በ«አ» ሥር ተበታትነው ይቀራሉ፤ በአንድ ጎተራ አጠገብ ለአጠገብ የኖሩት ወንድማማቾች በመጽሐፉ ውስጥ አይተያዩም። ተራው ራሱስ ቢሆን የጸና ነውን? አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት የሚሄደው በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ነው። ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ያማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን በዚሁ ተራ አስኪደውታል። እንግዲህ ተራው ሲለወጥ አተር ከመጽሐፉ መካከል ወደ መጀመሪያው ይዘዋወራል ማለት ነው። አተር ግን ያው አተር ነው። እነዚህን ሊቃውንት ለመንቀፍ ማለታችን አይደለም፤ የትርጉም መዝገብ ለፈላጊው የሚመቸው በፊደል ሲሄድ ነው። ለሌላው ሥራ ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል ማለታችን ብቻ ነው።

ይህም አሳብ ላገራችን ሙሉ በሙሉ አዲስ አይደለም። የግዕዝ ትምህርት ቤት «ሰዋስው» የሚለው መጽሐፍ ስሙ መሰላል ማለት ነው፤ ከሰዋስው መጻሕፍትም መካከል ቃላትን በፊደል ተራ ሳይሆን በነገር በነገር ሰብስበው የሚያስቀምጡ አሉ። መሰላል የሚለውን ስም ልብ በሉልን፤ ላይና ታች ያለው ነገር ነውና ኋላ እንመለስበታለን።

በውጭው ዓለም ስሙ የታወቀው ቴሳውረስ እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮዤ በ73 ዓመት ዕድሜው እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው ነው። ሮዤ የእንግሊዝኛን ቃላት በስድስት ታላላቅ ክፍሎች መድቦ በአንድ ሺህ አርእስት ሥር አሰለፋቸው። የሮዤ መጽሐፍ የሚጠቅመው ለደራሲ ነው፤ ደራሲው ስለ አንድ አሳብ ሊጽፍ ሲያስብ ተቀራራቢ ቃላትን ሁሉ አውጥቶ «ምረጥ» ይለዋል። የሙያ ቴሳውረስ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለ አንድ ነገር የሚነገሩትን ብዙ ስሞች ሰብስቦ ወደ አንድ ስፍራ ያመጣቸዋል፤ ከመካከላቸውም አንዱን ሾሞ፣ የቀሩትን «ወደዚህ ሂዱ» እያለ ይመራል። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱና ገበሬው ስለ አንድ ነገር ሲነጋገሩ ስለ አንድ ነገር መሆኑን እንዲያውቁ ነው።

ይህን መንገድ አጥብቆ ከተከተሉት ሰዎች አንዱ ኦስትሪያዊው ኦይገን ቩስተር ነበር (እ.ኤ.አ. 1898–1977)። ቩስተር የመጋዝ ፋብሪካ ባለቤት ነበርና የዕቃ ስም መሳሳት ምን እንደሚያስከትል በመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም ብለን እንገምታለን። እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ምሕንድስና ቋንቋ መስተካከል ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1968ም ስለ ብረት መሥሪያ መኪናዎች የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ይህ መዝገብ በ«ሀ» ተጀምሮ በ«ፐ» አያልቅም፤ ነገሮቹ በየወገናቸው ተሰልፈው፣ ለእያንዳንዱ ነገር መጀመሪያ ምንነቱ ተወስኖ፣ ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አስቀድሞ ፅንሰ ሐሳቡ፣ ቀጥሎ ስያሜው ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም ቢሆን እንስሳት አስቀድመው በየወገናቸው ተፈጠሩ፤ አዳም ስም ያወጣላቸው ኋላ ፊቱ በቀረቡ ጊዜ ነው።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስላችሁ ከእርሻችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሸዋ «በቆሎ» የምንለውን እህል በሰሜን ብዙ ሰው «የባሕር ማሽላ» ይለዋል። ስሙን ብቻ የሚያይ መዝጋቢ ምን ያደርጋል? ዘንጋዳ ከማሽላ ወገን እንደ ሆነ ሁሉ የባሕር ማሽላንም ከማሽላ ሥር አስገብቶ ይሄዳል። በእውነቱ ግን ማሽላ የአፍሪቃ ተወላጅ ሲሆን በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሌላ ተክል ነው። «የባሕር» መባሉም ከባሕር ማዶ መጣ ለማለት ነው፤ ባሕር ዛፍም እንዲሁ ከውቅያኖስ ዳር የበቀለ ዛፍ አይደለም። በዚህ ስሕተት ላይ ተመሥርቶ አንድ ሰው ስለ ማሽላ በሽታ የተጻፈውን ምክር ለበቆሎው ቢያውል፣ የሚከስረው መዝጋቢው ሳይሆን ገበሬው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ «አግሮቮክ» የሚባል የእርሻ ቴሳውረስ ያዘጋጃል። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ፅንሰ ሐሳቦች አሉበት፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ተሰጥቶታል። የበቆሎ ቁጥር 12332 ነው። እንግሊዙ በራሱ ቃል፣ ፈረንሳዩም በራሱ ቃል ቢፈልገው የሚደርሱት እዚያው 12332 ላይ ነው። ቁጥሩ ቋንቋ የለውም፤ ወንበር ነው። ስሞቹ ከየአገሩ መጥተው በወንበሩ ዙሪያ ይቆማሉ።

እንግዲህ ወደ መሰላሉ እንመለስ። በቴሳውረስ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቃል በላይ ሰፊው ይጻፋል፤ በታቹ ጠባቡ ይጻፋል፤ በጎኑ ደግሞ ተዛማጁ። ያገራችን ገበሬ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። እህል ከሁሉ በላይ ነው፤ ከሥሩ የብርዕ እህል፣ የአገዳ እህል፣ ጥራጥሬ፣ የቅባት እህል አሉ። ከብርዕ ሥር ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ፤ ከቅባት እህል ሥር ኑግ፣ ተልባና ሰሊጥ። ከጤፍም ሥር እንደ ገና ነጩ፣ ቀዩና ሰርገኛው። ሦስትና አራት ደረጃ ያለው ሙሉ መሰላል በገበያ መካከል ቆሞ ሳለ፣ እኛ ተማሪዎች ምደባ የሚባል ነገር ከላቲን ስሞች ጋር ብቻ የመጣ ይመስለናል።

አንዱ ቃል በእርግጥ የሌላው ጠባብ መሆኑን መፈተኛ ቀላል ጥያቄ አለ። ምስር ሁሉ ጥራጥሬ ነውን? አዎን። ጥራጥሬስ ሁሉ ምስር ነውን? አይደለም፤ ከፊሉ ብቻ። ስለዚህ ምስር ከጥራጥሬ ሥር ይቀመጣል። ሽሮን በዚሁ ጥያቄ ብንፈትነው ግን ይወድቃል። ሽሮ ከሽምብራ ይሠራል እንጂ የሽምብራ ዐይነት አይደለም፤ ማንም ሽሮን አይዘራም። ቦታው በጎን፣ ከተዛማጆች ጋር ነው።

የነገርና የክፍሉ ዝምድና ደግሞ ሌላ ነው። ሞፈር፣ ድግር፣ ወገልና ዕርፍ የእርሻ መሣሪያው ብልቶች ናቸው እንጂ ዐይነቶቹ አይደሉም፤ «ወገል ሁሉ የእርሻ መሣሪያ ነው» ብንል በሬውም ይስቅብናል። እዚህ ላይ «ማረሻ» የሚለው ቃል ያስቸግራል፤ አንዳንድ ጊዜ መላው መሣሪያ በዚህ ስም ይጠራል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መሬቱን የሚሰነጥቀው ብረት ብቻ። መዝጋቢው ቃሉን በሁለት ካርድ ይጽፈዋል፤ በአንዱ «ማረሻ (መሣሪያው)»፣ በሌላው «ማረሻ (ብረቱ)»፤ ሁለተኛውንም ከመጀመሪያው ሥር እንደ ብልት ያኖረዋል። ገበሬው በንግግሩ መካከል የቱን ማለቱ እንደ ሆነ ከነገሩ አኳኋን ይታወቃል፤ ካርድ ግን አኳኋን ስለሌለው ይህ ቅንፍ ያስፈልገዋል።

ሁሉም ነገር ባንድ መሰላል ላይ አይገኝም። አኩሪ አተር በትውልዱ ጥራጥሬ ነው፤ በጥቅሙ ደግሞ ዘይት ይጨመቅበታልና ከቅባት ሰብሎችም ጋር ይቆጠራል፤ ሁለት አባት ቢኖረው አያስነውርም። እንሰትንም የዕፀዋት ሊቅ ከሙዝ ቤተ ሰብ ያገባዋል፤ ቆጮ የምትፍቀው እናት ግን ፍሬውን ፈልጋ አትተክለውም። በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ አንድ ስፍራ ብቻ ስላለው መምረጥ ግድ ነው። በቴሳውረስ ግን ሁለቱንም መንገድ መክፈት ይቻላል፤ የቱ መንገድ በየትኛው ዐይን እንደ ታየ መጻፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ቃል እንምጣ። የመሬት ስበት ኃይል እንላለን። የኤሌክትሪክ ኃይል እንላለን። ስለ ምግብ ስንማርም ኃይል ሰጪ ምግብ እንላለን። የጦር ኃይሉን ለጊዜው እንተወውና፣ በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ ያለው ኃይል አንድ ነውን? አይደለም። የመጀመሪያው እንግሊዝኛው «ፎርስ» የሚለው ነው፤ የሚገፋ ወይም የሚስብ፣ በኒውተን የሚለካ። ኃይል ሰጪ በተባለው ምግብ ውስጥ ያለው «ኢነርጂ» ነው፤ ሥራ ለመሥራት የሚያስችል፣ በጁል የሚለካ። በኤሌክትሪኩ ላይ ያለው ደግሞ «ፓወር» ነው፤ ኢነርጂው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚተላለፍ የሚናገር፣ በዋት የሚለካ። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ ይኸው ፓወር ወደ ሞተር ሲመጣ ስሙን ለውጦ «የፈረስ ጉልበት» ይሆናል። አንዱ ስም ሦስት ነገር ሲይዝ፣ አንዱ ነገር ደግሞ ሁለት ስም ይዟል።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አለመሆኑን እንይ። ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 3 ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ ያወጣሉ እንበል። ጀሪካኑ ወደ ታች የሚስብበት ኃይል ለሁለቱም ወደ 200 ኒውተን ነው። ጀሪካኑን ለማውጣት የሚጠይቀው ሥራም ለሁለቱም አንድ ነው፤ 200 በ3 ሲባዛ 600 ጁል። አንደኛው ግን በ10 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው በ20 ሴኮንድ ቢያደርሱ፣ የፊተኛው 60 ዋት፣ የኋለኛው 30 ዋት ሆኑ። ሦስቱንም «ኃይል» ብሎ የተማረ ልጅ «የማን ኃይል ይበልጣል?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልስ? በቤታችን ያለው የመብራት ቆጣሪስ? የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ስለ ሆነ ቆጣሪው የሚያስከፍለን ኢነርጂን ነው፤ እኛ ግን ሒሳቡን ስንከፍል «የኤሌክትሪክ ኃይል ከፈልን» እንላለን። ባለ 10 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሚገዛ ሰውም በዋት ልንገረው ቢባል፣ አንዱ የፈረስ ጉልበት ወደ 746 ዋት ነውና 7,460 ዋት ገደማ መሆኑን ከስሙ ሊያውቀው አይችልም።

ይህን እንዲህ ያራዘምንበት ምክንያት አለን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው። ባማርኛ አንድ ቃል ይዞ የመጣ ልጅ ድንገት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲገጥሙት፣ ሦስቱን ነገሮች ሳይለይ ሦስቱን ድምፆች ይሸመድዳል። ፈተና ያልፍ ይሆናል፤ ግን ለታናሽ ወንድሙ ሊያስረዳው ሲል ያው «ኃይል» ብቻ ከአፉ ይወጣል። ከዚህ በፊት የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ያማርኛ አቻ ሰጥቷል። ነገር ግን ተራው የእንግሊዝኛው ፊደል ነውና፣ ፎርስ፣ ኢነርጂና ፓወር በሦስት የተራራቁ ገጾች ላይ ይቀመጣሉ፤ ጎን ለጎን ቆመው አይመዘኑም።

ቴሳውረስ ሠሪ ቢሆን መጀመሪያ ሦስት ባዶ ወንበሮችን ያቆማል። በአንዱ ላይ ኒውተን፣ በአንዱ ላይ ጁል፣ በአንዱ ላይ ዋት ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ መሰላላቸውን ይፈትሻል። የሙቀት ኢነርጂ ከኢነርጂ ሥር ይገባል፤ የእንቅስቃሴም እንዲሁ። ፓወር ግን የኢነርጂ ዐይነት አይደለምና ከሥሩ አይገባም፤ ፍጥነት ከርቀት ጋር እንዳለው ያለ ዝምድና ስላለው በጎን ይቆማል። ስም የሚጠራው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ በክፍላችን ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። «ኃይል፣ ጉልበት፣ አቅም የሚሉ ሦስት መልካም ቃላት አሉን፤ ለየአንዳንዱ ወንበር አንድ አንድ እንስጥ» ያሉ ነበሩ። ችግሩ በልዩ ልዩ መጻሕፍት እነዚህ ሦስቱ ወንበር ሲለዋወጡ መገኘታቸው ነው። ሌሎቹም «እንግዲያስ ኢነርጂን ኢነርጂ ብለን እንቅር» አሉ። ባዕድ ቃል መቀበል የሚያሳፍር የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ጋራዥ ገብቶ ይስማ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሆኖም መካኒኩ ረዳቱን «ካንዴላ አምጣ» ሲለው ረዳቱ ፍሬን ይዞ አይመጣም። የጋራዡ ቋንቋ ከኛ የፊዚክስ አማርኛ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ አንዱ ብልት አንድ ስም አለው። የግዕዝ ሥር ያለው የተዋበ ቃል ለሦስት ነገር ከሚሆን ይልቅ፣ ከውጭ የመጣ ቃል ለአንድ ነገር ቢሆን እንመርጣለን። ብዙዎቻችን በዚህ ተስማማን፤ ሁላችን አልተስማማንም፤ ያልተስማሙትም ምክንያታቸው ቀላል አይደለም፤ ያማርኛ ቃል ለልጅ ግማሹን ትርጓሜ አስቀድሞ ይነግረዋልና።

ክርክሩን ያበረደልን የቴሳውረስ አንድ ጠባይ ነው። አንዱን ቃል መሾም ሌላውን ማባረር አይደለም። «የኤሌክትሪክ ኃይል» የሚለው ከሕዝቡ አፍ አይወጣም፤ እንዲወጣም አንፈልግም። ካርዱ በስፍራው ይቆያል፤ በላዩም «ፓወርን ተመልከት» ተብሎ ይጻፋል። «የፈረስ ጉልበት» ላይ «የፓወር መለኪያ፤ ዋትን ተመልከት» ይጻፋል። «ኃይል» ብቻውን ሲገኝ ደግሞ የትኛው መሆኑን ጠይቆ ወደ ሦስቱም ይመራል። ሰው በሚያውቀው ቃል ይገባል፤ በሚፈልገው ነገር ላይ ይደርሳል።

በዚሁ መንገድ የጀመርነው የካርድ ሣጥን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከመግቢያው በስተቀኝ ተቀምጧል። የፊዚክሱና የእርሻው ክፍል በመጠኑ ተሞልቷል። የሽመናው፣ የግንበኝነቱና የአናጢነቱ ክፍል ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ድርና ማግ፣ መወርወሪያና እንዝርት ከተጻፉ በኋላ ቆሟል፤ ዕውቀቱ በመጻሕፍት ሳይሆን በእናንተ በወላጆቻችን ዘንድ ነውና። ስለዚህ በሙያችሁ የምትጠቀሙበትን ቃል በልጆቻችሁ እጅ ጽፋችሁ እንድትልኩልን እንለምናችኋለን። ቃሉን ስትጽፉ ሦስት ነገር አትርሱብን፤ ነገሩ የምን ዐይነት እንደ ሆነ፣ የምን ብልት እንደ ሆነ፣ በሌላም አገር በምን ስም እንደሚጠራ። ካርዶቹን በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ የሚቀበሉት ከእኛ በኋላ ሥራውን የሚረከቡት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው።